ታሪፍ የሚያጸድቁት ሰዎች ከየት መጡ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው ስለ ጆርጂያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አባላት ምርጫ ነው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ የመብራትና የጋዝ ታሪፍ የሚያልፈው በእነሱ እጅ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያሉ ኮሚሽነሮች ይሾማሉ። እኛ ጋ ግን ሕዝብ ይመርጣቸዋል፣ ያውም ለስድስት ዓመት።

በምርጫ ሰሞን ከፓርቲያቸው ስም በቀር ብዙም አንሰማም። ሥራው ግን ወፍራም የሂሳብ መዝገብ ገልጦ «ይህ ወጪ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የቮግትልን የኒውክሌር ጣቢያ እንውሰድ። ሁለቱ አዳዲስ ማብላያዎች ሲጀመሩ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃሉ ተብሎ ነበር። ከ30 ቢሊዮን በላይ ወሰዱ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 ይደርሳል ተብሎ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። የዚህ ወጪ ብዙው ክፍል ዛሬ በየቤታችን ቢል ላይ አለ። ክላርክስተን ያለች ጎረቤቴ በሐምሌ ሙቀት ኤሲዋን አጥፍታ መስኮት የምትከፍተው ወዳ አይደለም።

አንድ ዕጩ ቀድሞ በመብራት ድርጅት መሥራቱ በራሱ ነውር የለውም። እንዲያውም የውስጡን ብልሃት ያውቀዋል። መራጩ ግን ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ለቅስቀሳው ገንዘብ ያዋጣው ማን እንደሆነም እንዲሁ።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የእያንዳንዱን ዕጩ ትምህርት፣ የቀድሞ ቀጣሪዎችና ዋና ዋና ገንዘብ ሰጪዎች በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያውጣልን። የቅድሚያ ድምፅ መስጫው ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ በአማርኛ።

አንድ አንባቢ፣ ከአትላንታ