ስለ አዲሱ የዲስክ ቦታ መመርመሪያ እትም ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ከአፕዴቱ በኋላ የፎልደሮች መጠን ተለውጦ የሚታይበትን ምክንያት እና አውቶማቲክ ማጽጃ ያልጨመርንበትን ምክንያት ስለ ማሳወቅ

በሐዋሳና በአካባቢዋ ለምትገኙ የሒሳብ ቢሮዎች፣ ፎቶና ቪዲዮ ቤቶች፣ ሆቴሎች እና የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች ያቀረብነው የዲስክ ቦታ መመርመሪያ ሶፍትዌር አዲስ እትም በዚህ ወር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደርሳችኋል። አዲሱን እትም ጭናችሁ ያንኑ ዲስክ ስትመረምሩ ግን የአንዳንድ ፎልደሮች መጠን ከለመዳችሁት አድጎ፣ የሌሎቹ ደግሞ ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ፋይል ጠፋ ወይም ቫይረስ ገባ ብላችሁ እንዳትሰጉ ምክንያቱን አስቀድመን ልናስረዳችሁ ወደድን።

አንድ ፋይል ሁለት ዓይነት መጠን አለው። አንደኛው በውስጡ ያለው መረጃ ርዝመት ሲሆን ሁለተኛው ያ መረጃ ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ነው። ዊንዶውስ ዲስክን ክላስተር በሚባሉ እኩል ክፍሎች ስለሚሸነሽነው፣ ፋይሉ የመጨረሻውን ክላስተር ባይሞላውም የተረፈው ቦታ ለሌላ ፋይል አይሰጥም። በአብዛኞቹ የኮምፒውተር ዲስኮች ላይ አንድ ክላስተር 4 ኪሎባይት በመሆኑ፣ ርዝመቱ 5,000 ባይት የሆነ የደረሰኝ ቅጂ 8,192 ባይት ይይዛል። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ፍላሽ ላይ ነው። ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ በመደበኛ አሠራሩ የክላስተሩ መጠን 128 ኪሎባይት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎባይት የሆኑ 10,000 ፋይሎች ሲገለበጡበት የመረጃው ርዝመት ከ20 ሜጋባይት ባይበልጥም ከ1.2 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይወስዳሉ። «ፎልደሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ፍላሹ ለምን ሞላ?» ለሚለው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ መፍትሔውም ከመገልበጥ በፊት ፎልደሩን ዚፕ አድርጎ አንድ ፋይል ማድረግ ነው። አዲሱ እትም ሁለቱንም መጠኖች ጎን ለጎን የሚያሳይ ሲሆን ድምሩን የሚሠራው በተያዘው ቦታ ነው።

የዊንዶውስ ፎልደር በተቃራኒው አንሶ ይታያችኋል። «ዊንኤስኤክስኤስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉ ብዙ ፋይሎች፣ በ«ሲስተም 32» እና በሌሎች ፎልደሮች ውስጥ ለሚገኘው ለዚያው መረጃ የተሰጡ ተጨማሪ ስሞች ናቸው። በስም እየቆጠረ የሚደምር ፕሮግራም አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ይደምረዋል፤ አዲሱ እትም ግን የመረጃውን መለያ ቁጥር እያየ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥረዋል። እንዲሁም በዋንድራይቭ (በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ያለ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ግን ያልወረደ ፋይል ርዝመቱ ብዙ ጊጋባይት ቢሆንም ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ስለሌለ ከድምሩ ውጭ ሆኗል።

ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 465 ብሎ ሲያሳያችሁ ሻጩን የጠረጠራችሁ ደንበኞች አላችሁ። ሻጩ አላታለላችሁም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ሲቆጥር ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥረዋል። እኛ የዊንዶውስን አቆጣጠር ተከትለናል።

ፍጥነቱም ተሻሽሏል። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ዲስክ የፋይሎቹን ስም፣ መጠንና ቦታ የሚይዝ ማስተር ፋይል ቴብል የሚባል ሰንጠረዥ አለው። የቀድሞው እትም ፎልደር በፎልደር እየገባ ያነብ ነበር፤ አዲሱ ሰንጠረዡን በቀጥታ ያነባል፤ ይህም ነዋሪን ቤት ለቤት እየዞሩ ከመቁጠር ይልቅ የቀበሌውን መዝገብ እንደ ማንበብ ነው። ለዚህ ሥራ የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ፕሮግራሙ ሲከፈት ዊንዶውስ ይሁንታችሁን ይጠይቃችኋል። ፈቃድ ባትሰጡም በቀድሞው መንገድ ይሠራል፤ ማንበብ ያልቻላቸውን ፎልደሮች ግን ባዶ አስመስሎ አያልፋቸውም፤ «ያልተነበበ» ብሎ በግራጫ ቀለም ያሳያችኋል። ምርመራው በሚመረመረው ዲስክ ላይ ምንም ስለማይጽፍ፣ በመሐል መብራት ቢጠፋ በምርመራው ምክንያት የሚበላሽ ፋይል የለም።

የፋይሎችንና የፎልደሮችን መጠን በአራት ማዕዘን ሣጥኖች ስፋት የሚያሳየውን ሥዕል ይዘነው ቀጥለናል። ይህ አሣሣል የተጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቤን ሽናይደርማን ለ14 ሰዎች የጋራ የነበረ ባለ 80 ሜጋባይት ዲስክ ሞልቶባቸው ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ በአንድ ዕይታ ለማወቅ ሲሹ ያፈለቁት ሐሳብ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሠራተኛ በሚያገለግልባቸው ቢሮዎቻችሁ ዛሬም ከዚህ የተሻለ አሣሣል አላገኘንም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደጠየቃችሁን እና ወደማንስማማበት ጉዳይ እንምጣ። «አንድ ቁልፍ ስጫን የማያስፈልገውን ሁሉ የሚያጠፋልኝ አድርጉልኝ» ስትሉን ቆይታችኋል። ይህን አልጨመርንም፤ ወደፊትም አንጨምርም። ፕሮግራም የፋይልን መጠንና ዕድሜ ማወቅ ይችላል፤ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የምትሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎችን ጉዳይ እንውሰድ። በድርጅቱ ፎልደር ውስጥ ስማቸው በ«ዳት» የሚያልቁት ፋይሎች የሒሳቡ መዝገብ ራሱ ናቸው፤ አንዱ ከጠፋ የድርጅቱ ሒሳብ ላይከፈት ይችላል። በ«ፒቲቢ» የሚያልቁት ባክአፖች ደግሞ በየቀኑ ሲቀመጡ መጠናቸው ተቀራራቢ በመሆኑ፣ በችኮላ ለሚያይ ሰው የተደጋገመ ፋይል ይመስላሉ። የትናንቱ ባክአፕ ዛሬ በስሕተት የተሰረዘውን ግብይት የያዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኛ ሶፍትዌር ሁለት ፋይሎችን «አንድ ናቸው» የሚለው መጠናቸው እኩል ሆኖ ከተገኘ በኋላ ውስጣቸውን አንብቦ ሲያመሳክር ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን ያሳያችኋል እንጂ አያጠፋም። የሠርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ደንበኞቻችንም፣ ሙሽሮቹ ሥራቸውን ሳይረከቡ ጥሬ ቀረጻው ቢጠፋ ያን ቀን መልሶ መቅረጽ እንደማይቻል ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

እናንተ መርጣችሁ የምታጠፉት ፋይል ከኮምፒውተሩ ዲስክ ከሆነ ወደ ሪሳይክል ቢን ይሄዳል፤ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ እስክታደርጉት ድረስም ቦታው አይለቀቅም። ከፍላሽ የሚጠፋ ፋይል ግን በአብዛኛው በቀጥታ ስለሚጠፋ አዲሱ እትም በቀይ ጽሑፍ ያስጠነቅቃችኋል። ቦታ ሲጠብባችሁ መጀመሪያ በ«ዳውንሎድስ» ሥር ያለውን «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባለውን ፎልደር ተመልከቱ፤ ለሥራ የተላኩ ሰነዶች ከማያስፈልጉ ቪዲዮዎች ጋር ተቀላቅለው ብዙ ጊዜ የምናገኘው እዚያ ነው።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችን ፍለጋም አሻሽለናል። «ሠርግ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሰርግ» ተብሎ የተቀመጠውም ይወጣል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ተደራርቦ የአድራሻው ርዝመት ከ260 ፊደላት ያለፈ ፋይልም ከምርመራው አይቀርም።

ሶፍትዌሩ የፋይሎቻችሁን ስምም ሆነ ይዘት ወደ እኛ አይልክም። የፋይል ስም ብቻውን የደንበኞቻችሁን ማንነት ሊገልጥ ስለሚችል ይህን እንደ ቀላል ነገር አናየውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አፕዴቱን ለማውረድ ብቻ ሲሆን፣ የዳታ ወጪ የሚከብዳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ወደ ቢሮአችን ብትመጡ እንገለብጥላችኋለን። በቴሌግራም ግሩፕ የተለቀቀ ቅጂ ካገኛችሁ እባካችሁ አትጫኑት፤ የእኛው መሆኑን የምታረጋግጡት በፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ባለው ዲጂታል ፊርማ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢያቆምም አዲሱ እትም በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራል። ወደ 11 የምታሳድጉ ደንበኞች «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ትልቅ ፎልደር ብታዩ አትደንግጡ፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚያስችል ቅጂ ነው፤ በመደበኛ አሠራሩ ከ10 ቀን በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ያነሣዋል።

ከአፕዴቱ በፊት በቀድሞው እትም አንድ የመጨረሻ ምርመራ አድርጋችሁ ሪፖርቱን እንድታስቀምጡ እንጠይቃለን። ያልገባችሁ የመጠን ልዩነት ሲያጋጥማችሁ ሁለቱን ሪፖርቶች ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ኮምፒውተሩን ማምጣት ሳያስፈልግ አብረን እናመሳክራለን።

ከሠላምታ ጋር፣
የሶፍትዌር ልማትና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል