ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «አትክልት ለመትከል ይህን ያህል አገር ማቆራረጥ ምን የሚሉት ነው?» ብለውኝ ነበር። ሳቄ መጥቶ በቅጡ ሳልመልስልዎ መስመሩ ተቋረጠ። ታናሽ ወንድሜም ይህንኑ ሙያ ልማር ወይስ ይቅርብኝ እያለ መልእክት ይልክብኛል። እንግዲህ ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ልጽፍ ተቀምጫለሁና ሲነበብ እሱም አጠገብዎ ይሁን።

ዕድሜዎን በመንገድ ሥራ ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ለእርስዎ ማስረዳት ይቀለኛል። የላንድስኬፕ አርክቴክት፣ ማለት እንደ እኔ መናፈሻን፣ አደባባይንና ግቢን የሚነድፍ ሰው፣ ችግኝ ከመንካቱ በፊት ወራት የሚፈጀው ከከፍታና ከዝቅታ ጋር ሲታገል ነው። ባዶ መሬት ስረከብ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የአደባባይ ንጣፍ ተዳፋቱ ከ1 በመቶ ካነሰ ውሃ ያቁራል፤ ከ2 በመቶ እጅግ ከበለጠ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው ወደ ጎን ይጎትተዋል። እንግዲህ የእኔ እንጀራ ያለው በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ነው። እርስዎ በቱምቢና በውሃ ልክ ይሠሩት የነበረውን እኔ በኮምፒውተር እሠራዋለሁ፤ ከተቋራጩ ጋር ያለው ጭቅጭቅ ግን ያው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጀርመን አገር ነው። ጀርመኖች የንድፍ ሥራን በደንብ ዘጠኝ ደረጃ አድርገው ከፍለውታል፤ ከመጀመሪያው ጥናት ተነሥቶ ከርክክብ በኋላ እስካለው ክትትል ይደርሳል። ስምንተኛው የግንባታ ቁጥጥር ሲሆን ጫማዬ ጭቃ የሚለብሰው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ያስገረመኝ ሕጋቸው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ቁጥቋጦና ብዙ ዓይነት ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ወፎች የሚፈለፍሉበት ወቅት ነውና። ስለዚህ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ተቋራጩ ሁሉ መጋዙን ይዞ እሳት የተነሣበት ይመስል ይሯሯጣል። የቀን መቁጠሪያውን የረሳ ሰው ሰባት ወር ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከቀድሞ የባቡር ሐዲድ አጠገብ መናፈሻ ስንሠራ በሕግ የተጠበቁ እንሽላሊቶች ተገኙና ቁፋሮው ቆመ። አዲስ የድንጋይ ክምርና አሸዋ ተዘጋጅቶላቸው፣ አንድ በአንድ በእጅ ተይዘው እስኪዛወሩ ድረስ ኤክስካቫተሩ ተገትሮ ከረመ። እርስዎ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ቆይቼ ሳየው ግን ትክክል ናቸው፤ እንሽላሊቷ ከእኛ በፊት ነበረች።

እዚያው አገር ሳለሁ ሙያውን እንድወደው ያደረገኝ ዱይስቡርግ ከተማ ያለው መናፈሻ ነው። ቦታው በ1985 የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ነበር። ንድፉን ያወጣው ፔተር ላትስ ምድጃዎቹን አላፈረሳቸውም። ዝገታቸው ላይ ሰው ደረጃ ይወጣል፣ የማዕድን ማከማቻው ግድግዳ የተራራ መውጣት ልምምድ ይደረግበታል፣ የጋዝ ማጠራቀሚያው ውሃ ተሞልቶ ጠላቂ ዋናተኞች ይሠለጥኑበታል። በየፍርስራሹ መካከል በርች የሚባለው ዛፍ ራሱ በቅሎ ተነሥቷል። የተበላሸ መሬት ሲያጋጥመን ጠርገን እንደ አዲስ እንጀምር የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ያንን ቦታ እጠቅስለታለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሰማኝም።

ቀጥሎ ወደ ሲንጋፖር ሄድኩ። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። አውሮፓ ውስጥ የተማርኩት ግማሹ እዚያ አልሠራልኝም። በጀርመን ችግኙ እንዲያድግ እንለማመጠዋለን፤ በሲንጋፖር ደግሞ እንዳያድግብን እንከላከለዋለን፣ የግቢው እንክብካቤ በጠቅላላ መቁረጥና መከርከም ነው። የተመደብኩበት ሥራ የመኖሪያ ሕንፃዎች የጣሪያ ላይ አትክልት ነበር። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ስለሚችል ከሕንፃው መሐንዲስ ጋር በየሳምንቱ እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ ጥልቅ አፈር ለዛፍ እፈልጋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጣሪያው እንዳይሰምጥ። በመጨረሻ ዛፎቹን በትክክል ከምሰሶዎቹ አናት ላይ አድርገን፣ አፈሩን ከእሳተ ገሞራ በሚገኝ ቀላል ጠጠር ቀላቅለን ተስማማን። ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው ዛፎቹ ለውበት የተደረደሩ ይመስሉታል፤ እውነቱ ግን ምሰሶው ባለበት መቆማቸው ነው።

ከዚያ አገር ሥራ ሁሉ አንዱን ብቻ ይምረጡ ብባል ቢሻን መናፈሻን እመርጣለሁ። ካላንግ የሚባለው ወንዝ በዚያ ቦታ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የኮንክሪት ቦይ ውስጥ ታስሮ በቀጥታ ይነጉድ ነበር። ቦዩን አፍርሰው ወንዙን እንዲጠማዘዝ ለቀቁትና 3.2 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ሥራው በ2012 ተጠናቀቀ። ዳርቻው የተያዘው በድንጋይ፣ በተጠላለፈ ቅርንጫፍና በዕፅዋት ሥር ነው። ደረቅ ቀን ልጆች ወርደው ዓሣ ይፈልጋሉ። ውሃው መጨመር ሲጀምር ዳሳሽ መሣሪያው ያውቅና መብራቱ ይበራል፣ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ሰዉ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ሜዳው ለሰዓታት ለወንዙ ይለቀቅለታል። እርስዎ የቦይ ሥራ ሲያሠሩ ውሃን በግድ ከመግፋት ቦታ መስጠት ይሻላል ይሉ የነበረውን እነዚህ ሰዎች ለአንድ ሙሉ ወንዝ አደረጉት።

በዕረፍት ጊዜዬ ሴኡልንም አይቻለሁ። ቾንግጌቾን የሚባለውን ወንዝ በላዩ ላይ የተዘረጋውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና አፍርሰው በ2005 እንደገና ገልጠውታል። ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድ ያለው ግሩም ሥራ ነው፤ መኪና ይጮኽበት በነበረው ቦታ ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ይሁንና አብዛኛው ውሃ ከሃን ወንዝ በፓምፕ ተስቦ የሚመጣ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚቆም ወንዝ ወንዝ ልበለው ወይስ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ቆይታዬን አሳጥሬ ልንገርዎ፤ ብዙም አልወደድኩትም። ዝናቡ በአብዛኛው ቦታ በዓመት ከ100 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አትክልቱ የሚጠጣው በአብዛኛው ተጣርቶ የተመለሰ የፍሳሽ ውሃ ነው፤ በጥቁር ቱቦዎች ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ሲተን ጨው ይተዋል፣ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ብዙ ውሃ ለቆ ጨውን ወደ ታች ማጠብ ያስፈልጋል። የሥራው ባለቤት ግን የሚፈልገው የሣር ምንጣፍ ነበር። ጋፍ የሚባል የአገራቸው ዛፍ አለ፤ ሥሩ እጅግ ጠልቆ ውሃ የሚፈልግ፣ ሙቀቱንም ጨዉንም የሚችል። የኤምሬቶች ብሔራዊ ዛፍም ነው። ይህን እንትከል ብንል «የበረሃ ዛፍ ለማየት እዚህ ድረስ ማን ይመጣል?» አሉን። የተባልነውን ሣር ዘረጋን። ደግሞ ደረቅ አገር ነው ተብሎ የዝናብ መውረጃን ችላ ማለት እንደማይገባ በኤፕሪል 2024 ታየ፤ በኤምሬቶች አንድ ቦታ 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ አውራ ጎዳናዎች ተጥለቀለቁ። ያኔ እኔ ከዚያ ወጥቼ ነበር፤ ምስሉን ሳይ ግን ስብሰባ ላይ «ለዓመት አንድ ቀን ዝናብ ማን ገንዘብ ያወጣል?» የተባልኩትን አስታወስኩ።

አሁን ያለሁባት የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ይህን ትምህርት ቀደም ብላ ተምራለች። በጁላይ 2 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ ምድር ቤቶችና መንገዶች በውሃ ተሞሉ፤ ጉዳቱ በቢሊዮን በሚቆጠር ክሮነር ተገመተ። ከተማው በሚቀጥለው ዓመት የዶፍ ዝናብ ዕቅድ አወጣ። የፍሳሽ ቱቦዎችን ሁሉ ከማስፋት መናፈሻዎችን፣ አደባባዮችንና አንዳንድ መንገዶችን ለጊዜው ውሃ እንዲይዙ ማድረግ ይረክሳል ብለው አሰቡ። በ2019 ታድሶ የተከፈተው ኤንግሃቨ የተባለው መናፈሻ ከ20 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር በላይ ውሃ መያዝ ይችላል። ሌላ ቀን ኳስ ይጫወቱበታል። የእኔ ሥራም በዚሁ መስመር ነው፤ ሰፈር ውስጥ ያሉ መንገዶችን አስፋልት ቀንሰን ዝናብ የሚጠጣ የአትክልት መደብ እናስገባለን። ነዋሪው በስብሰባ ላይ የሚጠይቀው ግን ስለ ጎርፍ አይደለም። «መኪናዬን የት ላቁም?» ነው የሚለው።

በቅርቡ ደግሞ የልጆች መጫወቻ ስናስረክብ ከመርማሪው ጋር ዋልኩ። ሰውየው የልጅ ጭንቅላትና ደረት ልክ ያላቸው የፕላስቲክ ቅርጾች በቦርሳ ይዞ መጣ። በየመሰላሉ፣ በየአጥሩ ክፍተት ያስገባቸዋል። በአውሮፓ ደንብ ከ89 ሚሊ ሜትር የሚበልጥና ከ230 የሚያንስ ዙሪያው የተዘጋ ክፍተት አይፈቀድም፤ የልጁ ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላልና። የመውደቂያ ከፍታውም ከ3 ሜትር አይበልጥም። መርማሪው አንድ ቃል ሳይናገር ግማሽ ቀን አሳለፈ። ከውበት የሚቆጠር ምንም ነገር አላየም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የእንጨት አጥር ባየሁ ቁጥር በዓይኔ እለካለሁ።

የዛፍን ነገር ደግሞ አደራ፣ ወንድሜ በደንብ ያንብበው። አዲስ ሰፈር ላይ የተተከሉ ዛፎች በሁለተኛው ዓመት ሲደርቁ ሰው ሁሉ ውሃ ጠፍቶ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተቃራኒው ነው። ከባድ መኪና ሲመላለስበት የከረመ መሬት ተጠቅጥቆ ሸክላ ይሆናል። የብረት ዘንግ ይዤ እሄድና እወጋዋለሁ፤ ጣት ያህል ገብቶ ይቆማል። ጉድጓድ አስቆፍሬ ውሃ አስሞላለሁ፤ በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ ዛፉ የሚሞተው ተጠምቶ ሳይሆን ታፍኖ ነው። ሥርም አየር ይፈልጋል። ሌላው የሠራተኞች ልማድ ግንዱን እንዳይወድቅ ብለው አጥልቀው መቅበር ነው። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ይህን ለማስከበር በየጉድጓዱ ተንበርክኬ አፈር በእጄ ስጠርግ ፎርማኑ በሆዱ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

የሚያናድደኝ ነገር በየትኛውም አገር አንድ ነው። የግቢው ሥራ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሕንፃው ከበጀት ሲያልፍ የሚቆረጠው ከእኛ ነው። በሥዕሉ ላይ የነበረው ትልቅ ዛፍ ችግኝ ይሆናል፣ የድንጋይ ንጣፉ ሲሚንቶ ይሆናል። ሥዕሉ ግን አይቀየርም፤ ማስታወቂያው ላይ ዛፉ አድጎ፣ ጥላው ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ ምክንያት ውል ሲፈረም ከተከላ በኋላ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት እንክብካቤ እንዲጻፍ ሙጭጭ እላለሁ። አንዳንዱ ይፈርማል።

ለወንድሜ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ሙያው አዲስ አይደለም፤ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ንድፍ ውድድር ያሸነፉት በ1858 ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ነገር ደግሞ፣ መናፈሻውን የሚያቋርጡትን አራት መንገዶች ከመሬቱ ገጽ ዝቅ አድርገው በመቆፈራቸው መናፈሻውን የሚያየው ሰው ጋሪውን እንዳያይ ማድረጋቸው ነው። ኩሬዎቹም ሁሉ በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። ዲግሪው ግን ድንበር ሲሻገር ይደክማል። ጀርመን ውስጥ በሙያ ማኅበሩ ያልተመዘገበ ሰው በዚህ ማዕረግ መጠራት አይችልም፤ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ለማግኘት አራት ክፍል ያለው ፈተና አለ። አገር በቀየርኩ ቁጥር ዕፅዋቱን፣ ሕጉንና የአፈሩን ጠባይ ከፊደል ገበታ ጀምሬአለሁ። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ተዳፋት እንኳ ጀርመን እስከ 6 በመቶ ሲሆን አሜሪካ እስከ 8.33 በመቶ ይፈቅዳል። ይህን የሚሰለች ከሆነ ሕንፃ ይማር። የማይሰለች ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት በእጁ መሣልና ሒሳቡን ይያዝ፤ ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ ይማረዋል። ያለ እንግሊዝኛም አይሆንም።

በሚቀጥለው ወር የመቃብር ስፍራ ማስፋፊያ ሥራ ሊሰጠኝ ነው። እማዬ ስትሰማ እንዳትደነግጥ። የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቀት እስኪለካ ድረስ ቦታው አልጸደቀም፤ ስለዚህ ለጊዜው የምጠብቀው ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ የሚመጣውን ውጤት ነው። ስቶክሆልም ያለውን ስኩግሽርኮጎርደን የተባለውን በጥድ ጫካ ውስጥ የተሠራ መቃብር ለማየትም ሄጄ ነበር፤ አስፕሉንድና ሌዌሬንትስ የሚባሉ አርክቴክቶች የነደፉት፣ በዓለም ቅርስነትም የተመዘገበ ነው። ስለ እሱ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ወረቀቱም እጄም አለቀ። ፎቶዎቹን ለወንድሜ በስልክ እልካለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውልልኝ፣ ያኔ ሥራ የለኝም።

ለእማዬ ጉንጯን ስሜያለሁ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ