«አንቺ ግን ከነሱ ትለያለሽ» ሲሉሽ

ልጄ፣ ሜዲካል ስኩል መግባትሽን ስሰማ እልልታዬ ፎቁን አናጋው። ደስታዬ አሁንም አልበረደም። ግን በስልክ ያጫወትሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው የምጽፍልሽ።

አብራሽ የተማረችው ልጅ «ጥቁር ስለሆንሽ ነው የተቀበሉሽ» አለችሽ። ለሷ ብዙ ቃል አላባክንም። ሌሊቱን ስታጠኚ ስታነጊ አጠገብሽ አልነበረችም። እለፊያት።

እኔን ያመመኝ መምህርሽ በፈገግታ ያለሽ ነው። «እናንተ ኢትዮጵያውያን ታታሪ ናችሁ፣ እንደዚህ አገር ጥቁሮች አይደላችሁም።» አጎትሽም ይህን ሰምቶ «ልክ ነው፣ እኛ ሐበሻ ነን» አለ አሉ። እሱን እኔ አናግረዋለሁ። አንቺ ግን ይህን ምስጋና እንዳትቀበዪው። እኛን ከፍ የሚያደርገው ሌላውን ረግጦ ነው።

እዚህ አገር በማን ትግል እንደገባን እወቂ። ጥቁር አሜሪካውያን ተደብድበው፣ ታስረው፣ ሞተው ነው በፈረንጅ አቆጣጠር የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣው፤ በዓመቱ ደግሞ ለአውሮፓውያን ሲያደላ የኖረው የኢሚግሬሽን ኮታ ተሻረ፣ ለኛም በሩ ተከፈተ። ከዚያ በፊትም፣ በ1935 ጣሊያን ሲወረን ኒውዮርክ፣ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ውስጥ ሰልፍ ወጥተው የጮኹልን፣ ከሌላቸው ላይ ያዋጡልን እነሱ ናቸው። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አየር ኃይላችንን መርቷል። እንዳንቺ ሕክምና የተማረው ኢትዮጵያዊው መላኩ በያንም የጥቁሮች በሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፣ በ1937 ኒውዮርክ ላይ ለአገራችን ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁም ከነሱ ጋር አንድ ነን ብሎ ነው። ይህን ታሪክ ልጆቻችን አለማወቃቸው ያናድደኛል።

ደግሞስ የሚጠላን ሰው መች ይለየናል? በ1988 ፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት ዘረኞች ጥቁርነቱን አዩ እንጂ ከየት አገር ነህ ብለው አላጣሩም። ትምህርት ፍለጋ የመጣ ልጅ ነበር። ስሙን በጠራሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ መምህርሽ ከደገመልሽ ዝም አትበዪ። «እኔም ጥቁር ነኝ» በዪው፣ በአክብሮት ግን ፊት ለፊት። ቅር ካለው ይበለው። ሐበሻነትሽ ቅንጣት አይጎድልበትም፤ አማርኛሽም፣ ጾምሽም፣ ዘመዶችሽም ያው ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ ይከለክለኛል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ ከማን ሌላ እንደምታስጽፊ አብረን እናስባለን። ቅዳሜ ስትመጪ አጎትሽም አለ፤ ሦስታችን ቁጭ ብለን እናወራበታለን።

እናትሽ