ደብዳቤ ለልጄ፦ ጅቡቲ ላይ ቤት ስትፈልጊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት። ጥምቀትን ያለ አንቺ ማክበር ግን ከብዶን ነበር። ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሁልጊዜ የምንቆምበት ቦታ ቆመን፣ እናትሽ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

በቴሌግራም የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ቤት አይተሻል። አንዱ ኤሮን የሚባለው ሰፈር ነው፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ተጋርተሽ የምትኖሪበት። ሁለተኛው መሀል ከተማ ካርቲዬ የሚሏቸው ሰፈሮች ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ ከሁሉም ርካሹ። ሦስተኛው ባልባላ፣ ሆዳን አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍልና ትንሽ ኩሽና። «አባዬ የትኛውን ልያዝ?» ብለሽኛል። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

የጅቡቲን መንገድ 19 ዓመት ነድቼዋለሁ። ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ጋሸና፣ ወልድያ፤ ከዚያ ወደ ቆላው ቁልቁል ጭፍራ፣ ሚሌ፣ ድንበሩ ላይ ጋላፊ። ጭነት እስኪወጣልን ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት እዚያው እንቆም ነበር። ስለዚህ ጅቡቲን የማውቃት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ውሃ የት ሰፈር እንደሚጠፋ፣ ነፋስ የት እንደሚገባ፣ ማታ ማን ውጭ እንደሚተኛ አይቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። አሁን ጥር ነው። ጥር ላይ ጅቡቲ ደግ ናት። ጠዋትና ማታ የባሕሩ ነፋስ ደስ ይላል፣ ሰውም ይስቃል። ያየሻቸው ክፍሎች ሁሉ አሁን የሚኖርባቸው ይመስላሉ። ቤቱን ግን በጥር አትመዝኚው፤ በሐምሌ መዝኚው። እኛ ጎንደር ላይ ሐምሌን የምናውቀው በዝናብና በካፖርት ነው። እዚያ በሐምሌ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ይነሳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። አንቺ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልደሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ሐምሌ፣ ጭነት ሲዘገይብን፣ ከሌላ ሹፌር ጋር ሆነን ካርቲዬ ውስጥ አንድ ክፍል ለወር ተከራየን። ፔንሲዮን ከማደር በጣም ይረክስ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እንጨት። ቀን ቀን መግባት አይቻልም። ማታ ወለሉ ላይ ውሃ ስናፈስ ወዲያው ይደርቃል። ጎረቤቶቻችን አልጋቸውን ደጅ አውጥተው ይተኛሉ። እኛም አወጣን። በስድስተኛው ቀን ታመምኩና ክሊኒክ ገባሁ። እዚያ የከፈልኩት ከኪራዩ ካተረፍኩት በለጠ። እኔ ወንድ ነኝ፣ ደጅ ማደር እችላለሁ። አንቺ ብቻሽን ደጅ አታድሪም። ስለዚህ ያቺን ርካሽ ክፍል ተያት። ሰፈሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ገበያውም ቅርብ ነው። ለአንቺ ግን አይሆንም።

እዚያ መብራት ሁለተኛ ኪራይ ነው። እኛ ቤት የመብራት ሂሳብ የሚያስጨንቀን እንጀራ በብዛት ስንጋግር ብቻ ነው። እዚያ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ኤሲ ካልበራ እንቅልፍ የለም። በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ኃይል በመስመር ከእኛ አገር ይገባላቸዋል። ዋጋው ግን የእኛ አገር ዋጋ አይደለም፣ በጣም ውድ ነው። ስለዚህ አከራዩን «ኪራዩ ስንት ነው?» ብለሽ አታቁሚ። ባለፈው ነሐሴ የመጣውን የመብራት ደረሰኝ አሳየኝ በይው። ቆጣሪው የብቻሽ ነው ወይስ የጋራ? እዚህ የጋራ ቆጣሪ ጠብ የሚያስነሳው በምጣድ ነው፤ እዚያ በኤሲ ነው። የጋራ ከሆነ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ኤሲውን ሲያበራ አንቺ ቢሮ ተቀምጠሽ ትከፍያለሽ።

ኤሮንን በተመለከተ፣ ለምን እንደወደድሽው ይገባኛል። ባሕሩ አለ፣ ኤምባሲዎች አሉ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ግን ዋጋው ለእኛ ዓይነት ደሞዝ የተቆረጠ አይደለም። ከተማዋ ውስጥና ዙሪያዋ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣልያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉ። በዚያ ላይ ኤምባሲውና የወደብ ኩባንያው አለ። ኤሮን፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓንና ሐራሙስ ላይ ያለ አከራይ ዋጋ የሚያወጣው እነዚያን ተከራዮች እያየ ነው። ሦስት ሆናችሁ ብትካፈሉትም ከደሞዝሽ ግማሹን ይወስዳል። ሌላም አለ። ውሉ በማን ስም ነው? ዋናዋ ተከራይ ነገ ሥራ ብትቀይር አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ መንገድ ላይ ነሽ።

አሁን ወደ ባልባላ ልምጣ።

ባልባላ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። አንቺም «ሰዎች አትሂጂ አሉኝ» ብለሻል። ታሪኩን ስሚ። በፈረንጆቹ 1966 ፈረንሳዮች ሰው ወደ ከተማዋ እንዳይገባ ዙሪያዋን በሽቦ አጠሩ። መግባት ያልቻለው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ። ባልባላ በዚያ አደገ። ዛሬ ራሱን የቻለ ትልቅ ከተማ ነው ማለት ይቻላል። የቆርቆሮ ጎጆም አለው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚኖርበት በሥርዓት የተሠራ ሰፈርም አለው። «ባልባላ» ብሎ በአንድ ቃል መጨረስ፣ እዚህ ጎንደር አዘዞንና ፒያሳን አንድ ነው እንደ ማለት ነው። ሆዳን ከደህናዎቹ ነው።

ለአንቺ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሥራሽ ዶራሌ ወደብ ነው። ባልባላና ዶራሌ ከአምቡሊ ወንዝ በአንድ በኩል ናቸው። አሮጌው ከተማ በሌላኛው ነው። አምቡሊን አሁን ብታዪው ወንዝ አትይውም። ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የእኛዎቹ ወንዞች ቀሃና አንገረብ ክረምት ሲገባ እየሞሉ ይሄዳሉ፣ ሰውም ይጠነቀቃል። አምቡሊ ግን እንደዚያ አይደለም። ደራሽ ነው። ከላይ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ይመጣል። ሚያዝያ 1996 መጥቶ ብዙ ሰው በላ። ኅዳር 2012 ደግሞ ከተማዋ በዝናብ ተጥለቀለቀች። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዢልኝ። ከወንዙ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቤት አትከራዪ፣ በነጻ ቢሰጡሽም። ጎረቤት ያሉ አሮጊቶችን «በ2012 ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። እነሱ ግድግዳው ላይ ያሳዩሻል። ደላላ ይህን አይነግርሽም። ሁለተኛ፣ ሥራሽና ቤትሽ በአንድ በኩል ከሆኑ፣ ውሃ በመጣ ቀን መሻገር የለብሽም። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃኛል።

ውሃውን አትርሺ። ጎንደር ላይ ያደገ ሰው ስለ ውሃ ምክር አያስፈልገውም። እናትሽ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የቧንቧውን ድምፅ ሰምታ ስትነሳ፣ አንቺም ጄሪካን ይዘሽ ከኋላዋ ስትወጪ ትዝ ይለኛል። እዚያ ግን መጥፋቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨው አለው። ከእኛ ከሶማሌ ክልል፣ ከሀደጋላ፣ በቧንቧ የሚሄድላቸው ውሃ አለ። ሁሉም ሰፈር ግን እኩል አያገኝም። ቤቱን ስታዪ ቧንቧውን ክፈቺና ቅመሺው። ጣራው ላይ ሮቶ አለ? የስንት ቤት ነው? ቦቴ ከሆነ የሚሞላው ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ደግሞ በሙቀቱ ወራት የሮቶ ውሃ ይፋጃል። ማታ በባልዲ ቀድተሽ ካላሳደርሽ ጠዋት አትታጠቢበትም።

ስለ ፎቁ አልነገርሽኝም። ስንተኛ ላይ ነው? የመጨረሻው ከሆነ ጠንቀቅ በይ። የኮንክሪት ጣራ ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋዋል። መሀለኛው ፎቅ ይሻላል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነም የከሰዓቱ ፀሐይ ቀጥ ብሎ አልጋሽ ላይ ያርፋል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ካሉት ግን ትንሽ ውድ ቢሆንም ያዋጣሻል፤ ነፋስ ገብቶ ይወጣል። አንድ ነገር አድርጊልኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ተመልሰሽ ሂጂና እጅሽን ግድግዳው ላይ አሳርፊ። በጥር ማታ የሚሞቅ ግድግዳ በሐምሌ አያስተኛሽም።

በዚያውም ሰፈሩን በማታ ታዪዋለሽ። ከሚኒባስ ማውረጃው እስከ በሩ ያለው መንገድ መብራት አለው? የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከዚያ በኋላ ያለው አረንጓዴና ነጩ ታክሲ ነው። ቆጣሪ የለውም፣ ሳትገቢ ተስማሚ። በየቀኑ በታክሲ የምትገቢ ከሆነ ርካሽ ኪራይሽ ርካሽ አይደለም። ጠዋትም በሥራ ሰዓትሽ አንድ ቀን ሞክሪው። ማክሰኞ ሞክሪው፤ አርብማ እዚያ በዓል ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። እሁድ ደግሞ የሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሴ ካማረሽ በሌሊት ተነስተሽ ነው። ቤተክርስቲያኑ ምን ያህል እንደሚርቅሽ እዪ። ለእናትሽ ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

ሂሳቡን በብር አታስቢው። የጅቡቲ ፍራንክ ከፈረንጆቹ 1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177 ፍራንክ ከምናምን ተተክሎ ቀርቷል። የእኛ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዴት እንደሆነ አይተሻል። ወደ ብር ስትመነዝሪው ሁሉም ኪራይ ያስደነግጥሻል፣ ደሞዝሽም ከሆነው በላይ የበዛ ይመስልሻል። ደሞዝሽ በፍራንክ ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃና መጓጓዣ ደምረሽ ከሦስት አንድ እጁን ካላለፈ ደህና ነው። ለእኛ የምትልኪውን ከዚያ አስቀድመሽ አትቀንሺ። እኛ እንደምንም እንኖራለን።

ውሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚሆነው። ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። እዚህ በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ያ ግን ጋላፊን አይሻገርም። እዚያ የሚጠብቅሽ የተጻፈው ወረቀት ነው። ማስያዣው ስንት እንደሆነ፣ ስትወጪ መቼ እንደሚመለስ፣ ኤሲው ቢበላሽ ማን እንደሚያሠራ ይጻፍ። ከመግባትሽ በፊት ስንጥቁንም፣ የቧንቧውን ዝገትም በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ለደላላ ባለቤቱን በዓይንሽ ሳታዪ ሳንቲም እንዳትሰጪ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ሆዳን ነው። ግድግዳው ማታ ከቀዘቀዘ፣ ቆጣሪው የብቻሽ ከሆነ፣ ቦታው ከፍ ያለ ከሆነ ያዢው። አንዱ ከጎደለ አትቸኩዪ። ያለሽበት ቤት አንድ ወር ጨምሪ። ያስጠጋችሽ ልጅ «ቆዪ» ብላሻለች አይደል? የአስቤዛውን ወጪ ቻያትና ቆዪ። ወገን ቤት መቆየት የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔም ከአንድ ወዳጄ ጋር አዘዞ ሁለት ወር ተጠግቼ ነው የመጀመሪያ ክፍሌን ያገኘሁት።

ለማስያዣው ከጎደለሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ። የቆየ ባልደረባዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጭኖ ይወርዳል። በርበሬና ሽሮ እናትሽ አዘጋጅታለች። እዚያ እርጥበት ስላለ በቆርቆሮ አድርጋ ከድናዋለች፣ አንቺም ወደ ፌስታል እንዳትገለብጪው ብላለች። እሱ ባልባላን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል። ቤት ከያዝሽ የሚታጠፍበትን ምልክት፣ መስጊድም ይሁን ሱቅ፣ ጽፈሽ ላኪልኝ። እነግረዋለሁ። ክፍሉንም ገብቶ እንዲያይልኝ፣ ግድግዳውንም እንዲነካልኝ አደራ እለዋለሁ።

አባትሽ
ጎንደር