ከወንዝ ራስ ላይ ለምንኖር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የጠቅላላ እውቀት ገጻችሁ ላይ ስለ ዓለም ታላላቅ ወንዞችና በዳርቻቸው ስላሉ ከተሞች ያወጣችሁትን አነበብኩት። ቴምዝ ሲሆን ለንደን፣ ሴን ሲሆን ፓሪስ፣ ዳኑብ ሲሆን ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስትና ቤልግሬድ። ልጆች ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሸመድዱት ነው፤ የኔዎቹም ቆርጠው አስቀምጠውታል። የምጽፍላችሁ ግን አንድ ነገር ስለጎደለው ነው። ወንዝና ከተማ እንዲህ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ተስማምተው የኖሩ ይመስላሉ። አልኖሩም። ብዙዎቹ ከተሞች ወንዛቸውን ገድለው፣ በስንት ወጪ ነው መልሰው ያስነሱት።

አባይ ላይ ካይሮን፣ ካርቱምንና ባሕር ዳርን ጽፋችኋል። ደብረ ብርሃን የለችም፤ እንድትኖርም አልጠበቅኩም። የኛ በሬሳ ትንሽ ወንዝ ነው። ግን በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ ይገባል። ጣርማበር ላይ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ካዞረ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚያየው። በዚያ በኩል የሚዘንበው ዝናብ በሮቢና በከሰም አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ሰሜን ሸዋ የሁለት ተፋሰስ ጣሪያ ነው። ከዚህ የወረደ ነገር ወይ እስከ ግብፅ ይሄዳል፣ ወይ አፋር ሜዳ ላይ ይቀራል።

ታላላቆቹ የወንዝ ዳር ከተሞች አብዛኞቹ ወንዙ ከሰፋ፣ መርከብም መሸከም ከቻለ በኋላ የተቆረቆሩ ናቸው። ለንደን ቴምዝ ባሕር ሊገባ ሲል ነው ያለችው። ካይሮ አባይ ዴልታ ሊሆን ሲል። ሮተርዳም የራይን መጨረሻ ላይ። እኛ ጋ ወንዞቹ ገደል ውስጥ ናቸው። አባይ ባሕር ዳርን ከለቀቀ በኋላ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ዳርቻው ላይ የተቀመጠ ሌላ ትልቅ ከተማ አያገኝም። የጀማን ሸለቆ ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። አባቶቻችን ብርዱን መርጠው ደጋው ላይ ቀሩ። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የኛ ከተሞች ወንዙ ገና ጅረት እያለ፣ ራሱ ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባም እንደዚያው ናት፤ ቀበናና አቃቂ ቆሻሻዋን ተሸክመው አዋሽን ይቀላቀላሉ።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለምን እንደሆነ የለንደን ታሪክ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1858 የሙቀቱ ወራት ለንደን ውስጥ የቴምዝ ሽታ ሰው የማይችለው ሆነ። የሚሊዮኖች ሽንት ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ነበር የሚገባው። ኮሌራ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጨርሷል፤ ያኔ ግን ብዙም የተንቀሳቀሰ ባለሥልጣን አልነበረም። የምክር ቤቱ ሕንፃ ወንዙ ዳር ነው። መጋረጃዎቹን ክሎሪን ባለው ኖራ ነክረው ሽታውን ለመከላከል ሞከሩ፤ አልሆነም። በዚያ ላይ ቴምዝ እዚያ ቦታ የባሕሩን ከፍና ዝቅ ማለት ይከተላል። ከተማዋ ወደ ታች የለቀቀችውን ቆሻሻ ባሕሩ ከፍ ሲል ወደ ኋላ ይመልስላት ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሕጉ ወጣ፣ ገንዘቡ ተፈቀደ፣ ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባለው መሐንዲስም ያንን ታላቅ የፍሳሽ መስመር መገንባት ጀመረ። ሽታው የወሳኞቹ አፍንጫ ውስጥ ባይገባ ኖሮ እንደዚያ ይቸኩሉ ነበር? አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል አለ። የባዛልጌት ቱቦዎች መጀመሪያ ላይ ቆሻሻውን አላጣሩትም፤ ከከተማዋ በታች ወስደው ነው የለቀቁት። ለንደን ንጹሕ ሆነች፣ የታችኛው ሰው ግን ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1878 ፕሪንሰስ አሊስ የምትባል የመንገደኞች መርከብ ፍሳሹ የሚለቀቅበት አካባቢ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ሰዎቹ የወደቁት በሽንት ቤት ፍሳሽ ውስጥ ነበር። ፍሳሹን እንዲሁ ከመልቀቅ ማጣራት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ሳይንቲስቶች ቴምዝ ከተማው ውስጥ ሞቷል ብለው ነበር። ዛሬ ዓሣው ተመልሷል፣ የባሕር አቆስጣም ይታይበታል።

አሁን ወደ በሬሳ ልመለስ። በሬሳ ምንም ወደ ኋላ አይመልስልንም። የጣልንበትን ሁሉ ይዞልን ይሄዳል። ድልድዩ ላይ የሃይላንድ ክምርና ፌስታል ይታያል፣ አንዳንድ ቀን የውሃው መልክ ይለወጣል፣ ይሸታል፤ ከዚያ ክረምት ይመጣና ሁሉን ጠርጎ ወደ ጀማ ያወርደዋል። እኛም ንጹሕ ሆነ እንላለን። ከታች ያለው ገበሬ ግን በዚያው ውሃ ካሮትና ሽንኩርት በመስኖ ያለማል፣ ከብቱን ያጠጣል። ካሮቱ ደግሞ ተመልሶ የሚሸጠው እኛው ገበያ ነው። ያ ገበሬ ምክር ቤት ደጃፍ ላይ አይኖርም። ሽታው ስብሰባ አዳራሽ አይገባም። የኛ ችግር ከለንደን የሚብሰው በዚህ ነው።

"አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ሲባል ነው ያደግነው። አሁን ግን ማደሪያ አግኝቷል። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ጀማ አባይን የሚቀላቀለው ከግድቡ በላይ ነው። በሬሳ ላይ የምንጥለውም ሆነ ከተራራው የሚሸረሸረው አፈር ሄዶ የሚያርፈው ሁላችንም ከኪሳችን አዋጥተን በሠራነው ግድብ ውስጥ ነው።

የላይኛውና የታችኛው ሰው ቁጭ ብሎ መነጋገር ይችላል ወይ ለሚል፣ ራይንን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ የፀረ ተባይ መድኃኒቱን አጥቦ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ራይን ቀላ፣ ዓሣው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ አለቀ። ጀርመኖችና ሆላንዶች ያላጠፉትን ነው የተቀበሉት። በዓመቱ የወንዙ አገሮች በአንድ የጋራ ዕቅድ ተስማሙ፤ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ራይን ውስጥ እንደገና የታየው ከዚያ በኋላ ነው። አራትና አምስት አገር የተስማማበትን እኛ በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ወረዳዎችና አንድ ከተማ እንዴት ያቅተናል?

ሴኡልን በአጭሩ ላንሳ። ኮሪያዎች ከተማቸው መሃል የሚያልፈውን ቾንግጌቾን የሚባል ጅረት በኮንክሪት ደፍነው በላዩ የመኪና መንገድ ሠሩበት። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 መንገዱን አፍርሰው ጅረቱን መልሰው ከፈቱት። አሁን እዚያ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነው። ዘግይቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ዋጋው ግን ይህን ያህል ነው።

ደብረ ብርሃን እያደገች ነው። ፋብሪካ በዝቷል፣ ልጆቻችን ሥራ አግኝተዋል፣ ይህን የሚጠላ የለም። ስለዚህ ነው አሁኑኑ የምጽፈው። የወንዙ ዳር መሬት በካርታ ተሰጥቶ ሳያልቅ ግራና ቀኙ ይከለል፤ አንዴ ቤት ከተሠራ በኋላ ማፍረስ የድሃ ለቅሶ ነው የሚያመጣው። ፋብሪካዎቹ የሚለቁት ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ በየወሩ የቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማጣሪያ አለን የሚል ካለ ጥሩ፣ ውጤቱን ያሳየን። የከተማው የፍሳሽ መስመርም ከአስፋልቱ ቀጥሎ ሳይሆን ከአስፋልቱ በፊት ይታቀድ፤ ቱቦ ለመቅበር ተብሎ አዲስ መንገድ ሲቆፈር ስንቴ አይተናል!

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እሱን ባይነካውም እንኳ፣ በካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። ይህን መብት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ገጻችሁ ላይ አንቀጹን እንዳለ ብታወጡት ከወንዞቹ ዝርዝር አይተናነስም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘጋቢያችሁን ላኩልን። ከድልድዩ ተነስቶ በእግሩ ወደ ታች ይውረድ፣ በሬሳ ገደሉን እስኪጀምር ድረስ ይሂድ፣ መስኖ የሚያለሙትን አርሶ አደሮች ያነጋግር፣ ከዚያ ከተማው አስተዳደር ጋ ሄዶ እነሱ የነገሩትን ይጠይቅ። በክረምቱ ሳይሆን ውሃው ሲቀንስ፣ ከጥር በኋላ ቢመጣ ይሻላል። መንገድ የሚያሳየው ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን