ያ ቀበቶ ዕድሜው አልቋል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ሰበብ የለውም፤ ብትቀየመኝም አይፈረድብህም። በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለዚያች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ጠይቀኸኝ ነበር፦ «ባለ 6 ነጥብ (በስድስት ቦታ የሚታሰሩ የውድድር) ቀበቶዎቿ አርጅተዋል፤ ግን የትም አልተቀደዱም፤ ልቀይራቸው ወይስ ይቆዩ?» ብለህ። መልሱ ዘገየ እንጂ አልረሳሁትም። እኔ ስዘገይ ደግሞ እነሱም አብረው አርጅተዋል።

መጀመሪያ መለያውን ፈልግ። ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ናት። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ማለትም የኤፍ አይ ኤ ዕውቅና ያለው ቀበቶ ከሆነ፣ የደረጃው ቁጥር (የድሮው 8853/98፣ አዲሱ 8853-2016) እና ከየትኛው ዓመት በኋላ እንደማያገለግል ተጽፎበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከተመረተበት ዓመት በኋላ 5 ዓመት ነው፤ የሚያበቃውም በተጻፈው ዓመት ዲሴምበር 31 ነው። የአሜሪካው የውድድር ዕቃዎች ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ የኤስ ኤፍ አይ፣ መለያ ግን የሚነግርህ የተመረተበትን ወርና ዓመት ነው፤ በ16.1 ደረጃ ለተሠራ ቀበቶ ከዚያ ቀን ጀምረህ 2 ዓመት ትቆጥራለህ። የምርት ቀኑን የማብቂያ ቀን አድርጎ የሚያነብ አለ፤ የማብቂያውን የምርት ቀን የሚያደርግም አለ። ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ቆጥረህ 7 ዓመት እንዳትመርቅለት።

ለውድድር ከሆነ ክርክር የለውም፤ ቀኑ ያለፈበትን ቀበቶ መርማሪው አያሳልፈውም። ለራስህ ደስታ ስትነዳ ግን ማንም አይጠይቅህም፤ ፍርዱ ያንተ ነው። የእኔን ፍርድ ከፈለግህ፦ መለያው የተቆረጠ፣ ደብዝዞ የማይነበብ ወይም ቀኑ ያለፈ ከሆነ ምርመራውን ተወው፣ ቀይረው። ምርመራ የሚጠቅመው ዕድሜው ላላለቀ ቀበቶ ነው።

«አልተቀደደም» ያልከው ነገር ነው ያሳሰበኝ። ማሰሪያው ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ክር የተሸመነ ነው። የፀሐይ ጨረር ክሩን ከውስጥ ይሰባብረዋል፤ ጥንካሬው የሚሄደው ቀዳዳ ሳይታይ ነው። ናይለን ከፖሊስተር ፈጥኖ ይደክማል፣ ሲሳብም የበለጠ ይለጠጣል። የመኪናው መስታወት ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም፤ ጣሪያዋ የሚከፈት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ ከለላ የለም። መኪናዋ ቆማ መክረሟ ቀበቶውን አላተረፈውም ማለት ነው።

እንዲህ አድርገህ እይ። የትከሻውን ማሰሪያ ማጥበቂያ ብረት ገፋ አድርገውና ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረውን ጨርቅ ከተጋለጠው ጋር አስተያየው። ከሥር ደማቅ ቀይ፣ ከላይ ሮዝ ከሆነብህ ጨረሩ ሥራውን ሠርቷል። ቀጥሎ ማሰሪያውን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ጣትህ ላይ እያጠፍክ በደማቅ ብርሃን እይ፤ የተበጠሱ ክሮች እጥፋቱ ላይ እንደ ጥጥ ብን ብለው ይወጣሉ። ጠርዙን በጥፍርህ እያስኬድክ ዳስሰው፤ የሚሸረከት ካገኘህ ተቆርጧል። ጨርቁ የሚያብለጨልጭና የደረቀ ቦታ ካለው ብረት እያሸው በሙቀት ቀልጧል። የቤንዚን፣ የፍሬን ዘይት ወይም የባትሪ አሲድ ነጠብጣብ ካየህ «የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቦታ ናት» አትበል፤ ማሰሪያው የሚበጠሰው ደካማ ቦታው ላይ ነው። ስፌቱ ላይ አንድ ክር እንኳ ተመዞ ብታይ አሰፋዋለሁ እንዳትል። የሰፈር ስፌት ማሽን የፋብሪካውን ስፌት አይተካም፤ መርፌው ራሱ ተሸካሚውን ክር ይበሳዋል።

ከባድ ግጭት ያየ ቀበቶ ግን ትናንት የተገዛ ቢሆንም ይቀየራል። ማሰሪያው ሰውነትን የሚያቆመው በመለጠጥ ነው፤ አንዴ ከተለጠጠ ወዲያ ሁለተኛ ያንን ያህል የሚሰጠው የለውም። የመኪናዋን ታሪክ ስለማታውቅ ይህ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

ዘለበቱንም አትርሳ። እያንዳንዱን ምላስ ለብቻው አስገባና «ቀጭ» ሲል አዳምጥ፣ ከዚያ ጎትተው። ማዞሪያው ሲዞር ሁሉም ባንዴ መልቀቅ አለባቸው። አልለቅ ካለ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አሸዋና አቧራ ነው፤ በአየር ግፊት ንፋው እንጂ ዘይት አታርከፍክፍበት፣ አቧራውን ይሰበስባል።

ስትገዛ ሙሉውን ስብስብ፣ ከአንድ አምራች፣ ከተመረተ ጥቂት ወር የሆነውን ግዛ። በርካሽ የሚሸጥ ቀበቶ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው መደርደሪያ ላይ 2 ዓመት ስለበላ ነው። የ5 ዓመቱ ቆጠራ አንተ ገዝተህ እስክታስረው አይጠብቅም።

አገጣጠሙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የትከሻ ማሰሪያዎቹ ከወንበሩ ጀርባ ወደ ኋላ አግድም ሊባል በሚችል መስመር ይሂዱ፤ ወደ ታች ቢያዘነብሉ እስከ 10 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ45 ዲግሪ ማለፍ ግን ክልክል ነው። ወለል ላይ ከታሰሩ በግጭት ጊዜ ትከሻህን ወደ ታች ይጫኑትና ሸክሙ የጀርባ አጥንትህ ላይ ያርፋል። ርዝመታቸውም ይጠር፤ ረጅም ማሰሪያ ብዙ ይለጠጣል፣ ጭንቅላትህም ያንኑ ያህል ወደ መሪው ይቀርባል። ብሎኑ ኤም 12 ባለ 8.8 ጥንካሬ ወይም 7/16 ኢንች ይሁን፤ ኃይሉም ብሎኑን በጎን እንዲያገኘው እንጂ ከጉድጓዱ እንዲነቅለው አታድርግ። ላሜራ ላይ የምትበሳ ከሆነ ከሥሩ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ሳህን አድርግ። የማሰሪያው ብረት ወደሚሳብበት አቅጣጫ ካልዞረ ጨርቁ በአንድ ጠርዝ ይከመርና ከዚያ ጠርዝ መቀደድ ይጀምራል።

ማሰሪያውን ብረት ላይ የምትጠመጥም ከሆነ፣ ባለ ሦስት ዘንግ ማጥበቂያው ውስጥ ጫፉን አንዴ አሳልፈህ አታቁም። ተመልሶ በመጀመሪያው ክፍት ይለፍ፣ ከዚያም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ ይትረፍ። ሳይመለስ የቀረ ማሰሪያ በእጅ ስትጎትተው ይይዛል፤ በግጭት ይንሸራተታል።

ስትታሰር መጀመሪያ የወገቡን፣ ከሆድህ በታች ዳሌ አጥንትህ ላይ አውርደህ አጥብቀው። ከዚያ በጭን መሃል የሚያልፉትን፣ በመጨረሻ የትከሻውን። ከትከሻው ብትጀምር የወገቡን ወደ ሆድህ ይስበዋል። ያለ ሮል ባር (መኪናዋ ስትገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ የሚይዝ የብረት ቅስት) እና ያለ ትክክለኛ የውድድር ወንበር ግን ይህን ቀበቶ በመንገድ ላይ አትጠቀምበት። መኪናዋ ስትገለበጥ ጣሪያው ሲወርድ ቀጥ አድርጎ ይይዝሃል፣ ማጎንበስ አትችልም። ፋብሪካው የገጠመውን ባለ 3 ነጥብ ቀበቶ ነቅለህ ጥለህ ከሆነ መልሰው።

አዲሱ ከገባ በኋላ ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ ጥላ ሥር አድርቀው፤ በረኪና አይነካው። የወጣውን አሮጌ ደግሞ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳያስረው መሃል ለመሃል በመቀስ ቁረጠው። ከመቁረጥህ በፊት ግን የመለያውን ፎቶ ላክልኝ፤ በዚያች መኪና ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ ለማየት ጓጉቻለሁ።

አክባሪ ወንድምህ