የኦንላይን ጌም ዋናው ወጪ የሚመጣው ለገበያ ከቀረበ በኋላ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወተው ኦንላይን ጌም ለመሥራት ሲነሡ፣ እነርሱም ሆኑ ገንዘብ እንዲሰጡ የሚጠየቁት ሰዎች የሚያሰሉት ጌሙን ሠርቶ ለማጠናቀቅ የሚወጣውን ብቻ መሆኑ እጅግ ያሳስበኛል።

አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ጌም ከተሸጠ በኋላ ሠሪውን ብዙም አያስወጣውም። የብዙዎች ጌም ግን ሌት ተቀን የሚሠራ ሰርቨር (ተጫዋቾችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ኮምፒውተር)፣ አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚከታተልና በየጊዜው አዲስ ነገር የሚጨምር ባለሙያ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ተጫዋች የሚቆየው ሌላ ተጫዋች ሲያገኝ ብቻ መሆኑ ነው፤ ገብቶ ተጋጣሚ ያጣ ሰው ይወጣል፣ እርሱ ሲወጣም ቀጥሎ የሚገባው ተጋጣሚ ያጣል። ሶኒን የመሰለ ባለጸጋ ኩባንያ እንኳ ኮንኮርድ የተባለውን ጌም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 አውጥቶ፣ ተጫዋች በማጣቱ በሁለት ሳምንት ዘግቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መልሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ የከሸፈው ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሊያንሰራራ የቻለው፣ ባለቤቱ ኩባንያ እስከዚያ ድረስ ወጪውን የሚችልበት አቅም ስለነበረው ነው።

ገቢውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጌም በወር 15 ዶላር ገደማ እያስከፈለ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 12 ሚሊዮን ደንበኞች ደርሶ ነበር፤ እንደ ፎርትናይት ያሉት ደግሞ በነጻ ያስገቡና ለገጸ ባሕርያቱ ልብስና ጌጥ ይሸጣሉ። በነጻ ጌም አብዛኛው ተጫዋች ምንም ስለማይከፍል የሁሉም ወጪ የሚወድቀው በጥቂቶች ላይ ነው። የስልክ ጌሞች የሚሸጡበት ጉግል ፕሌይም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓመቱ የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ላይ 15 በመቶ መቁረጥ ጀምሮ ነበር። የእኛ ተጫዋች በቴሌብር ቢከፍል ገቢው በብር ነው፤ ከውጭ የሚከራዩት ሰርቨር ኪራይ ግን በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ብር በዶላር ሲመነዘር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል።

ስለዚህ ወጣቶቻችን እንደ ገበጣና ዳማ በተራ በሚጫወቱት ቢጀምሩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሰርቨሩ ቀላል ነው፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥም ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ጥቂት ተጫዋች ያለው ጌም ምሽት ላይ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ቢከፈት ያሉት እርስ በርስ ይገናኛሉ። ገንዘብ የሚሰጡ ባንኮችና ድርጅቶችም ጌሙ ከወጣ በኋላ ያለው የአንድ ዓመት ወጪ በዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዱ፤ ከሚሰጡት ገንዘብም ከፊሉን ለዚያ ጊዜ ያቆዩ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን